ስለ ታናናሽ ወንድሞች ኑሮና ስለ ጥሪያቸው

አንባቢ ሆይ፤ ምንኵስናን በሚያውቅ አገር ተወልደሃልና ይህ ትምህርት ፈጽሞ እንግዳ አይሆንብህም። ቆብ ደፍቶ፥ ዓለምን ንቆ፥ በዋሻና በደሴት በጾምና በጸሎት ዕድሜውን የሚፈጽም መነኵሴ ከጥንት ጀምሮ በአባቶቻችን ዘንድ የተከበረ ነው። ዳሩ ግን በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አኗኗራቸው ከዚህ ጥቂት የሚለይ፥ በከተማ መካከል በማኅበር የሚኖሩ፥ ስማቸውም ወንድሞች የሚባል ሰዎች አሉ። ስለ እነርሱ ብዙ ይባላል። አንዱ፥ «ሥራ ጠልተው እንጀራ ፍለጋ የገቡ ናቸው» ይላል። ሌላው ደግሞ፥ «እነርሱስ እንደ መላእክት ናቸው፤ የእነርሱ ነገር ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ፊተኛው ኑሯቸውን ቀርቦ አላየም፤ ሁለተኛው ደግሞ እያከበረ ይሸሻቸዋል። ሰው መልካሙን ነገር ከፍ አድርጎ በሰቀለው ጊዜ እርሱን ከማድረግ ነጻ የወጣ ይመስለዋልና።

ስለዚህ በዚህ ትንሽ ጽሑፍ ሦስት ነገር እንመለከታለን፤ እነዚህ ወንድሞች እነማን እንደ ሆኑ፥ በየዕለቱ እንዴት እንደሚኖሩ፥ ሰውም ወደዚህ ኑሮ መጠራቱን በምን እንደሚያውቅ። ብዙ ማኅበሮች ቢኖሩም እኛ የምንናገረው የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ልጆች ስለ ሆኑት፥ ይልቁንም በአገራችን ስለሚታወቁት ስለ ካፑቺኖች ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዓመት ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን ልብ በል።

አንደኛ፤ ስማቸው ከወዴት እንደ መጣ

በኢጣልያ አገር አሲዚ በምትባል ከተማ ጴጥሮስ በርናርዶኔ የሚባል ባለጠጋ የጨርቅ ነጋዴ ነበረ። ልጁ ፍራንቸስኮስ የተወለደው በ1181 ወይም በ1182 ነው። ይህ ወጣት ዘፈንንና ግብዣን፥ የፈረሰኛንም ክብር ይወድ ነበር። በ1202 አሲዚ ከጎረቤቷ ከፔሩጃ ጋር በተዋጋች ጊዜ ተማረከና አንድ ዓመት ያህል ታሰረ። ከዚያም በኋላ ታመመ፤ ልቡም ቀስ በቀስ ከቀድሞው ደስታ ራቀ። ዳሩ ግን ሊሞት በቀረበ ጊዜ ባጻፈው ኑዛዜ እንደ ተናገረ፥ ሕይወቱ የተለወጠው በለምጻሞች መካከል ነው። አስቀድሞ ለምጻምን ማየት እጅግ ይመርረው ነበር፤ እግዚአብሔር ወደ እነርሱ መርቶት ምሕረትን ካደረገላቸው በኋላ ግን ያ መራራ ነገር ጣፈጠው። በ1206 በከተማው ጳጳስ ፊት ቆሞ፥ የአባቱን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የለበሰውን ልብስ እንኳ አውልቆ ለአባቱ መለሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውል። ፍራንቸስኮስ ማኅበር ላቋቁም ብሎ አልተነሣም። ብቻውን እየጸለየ፥ የፈረሱ ቤተ ክርስቲያኖችን በእጁ እየጠገነ ሁለት ዓመት ያህል ኖረ። ከዚያ በኋላ በርናርዶስ የሚባል የዚያው ከተማ ባለጠጋ ያለውን ሁሉ ለድሆች አካፍሎ ተከተለው፤ ሌሎችም ተከተሉ። ስለ እነዚህ ሰዎች በኑዛዜው ሲናገር፥ ጌታ እንደ ሰጠው ይመሰክራል እንጂ እርሱ እንደ መረጣቸው አይናገርም። የዚህ ትምህርት ሁሉ ቍልፍ ይህ ነው። ወዳጅን ሰው ይመርጣል፤ ወንድም ግን ይሰጣል እንጂ አይመረጥም።

በ1209 ፍራንቸስኮስ ከጥቂት ወንድሞቹ ጋር ወደ ሮማ ሂዶ ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ከኢኖቸንሲዮስ 3ኛ ፈቃድ በቃል ተቀበለ። በኋላም በኅዳር 29 ቀን 1223 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኦኖሪዮስ 3ኛ የማኅበሩን ሥርዓት በደብዳቤ አጸኑለት። ያ ሥርዓት 12 አጫጭር ምዕራፎች ያሉት ነው፤ ዛሬም የሚኖሩበት እርሱ ነው። ስማቸውንም ታናናሽ ወንድሞች አለ። በዚያ ዘመን የአሲዚ ሕዝብ ታላላቆችና ታናናሾች ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርሱ ይዋጋ ነበር። የባለጠጋው ልጅ ለራሱና ለወንድሞቹ የታናናሾችን ስም መረጠ። ስሙ ለጌጥ የወጣ አይደለም፤ ራስህን ከማን ጋር ትቈጥራለህ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ፍራንቸስኮስ በጥቅምት 3 ቀን 1226 ዐረፈ።

ከእርሱ በኋላ ማኅበሩ እጅግ በዛ፤ በዘመናትም ብዛት በብዙ ቅርንጫፍ ተከፈለ። ከእነርሱ አንደኛው የካፑቺኖች ነው። በ1525 ማቴዎስ ዘባሾ የሚባል አንድ ወንድም የመጀመሪያውን ድህነትና ጸሎት ለመመለስ ተነሣ፤ በ1528 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንጦስ 7ኛ ለእርሱና ለባልንጀሮቹ ፈቃድ ሰጡ። ካፑቺን የተባሉት በልብሳቸው ላይ ስላለው ረዥም ሹል ቆብ ነው። ልብሳቸው ቡናማ፥ መታጠቂያቸውም ገመድ ነው።

ሁለተኛ፤ በመነኵሴና በወንድም መካከል ስላለው ልዩነት

መነኵሴ ከሰው ርቆ እግዚአብሔርን ይፈልጋል፤ ገዳሙም ከነእርሻው እስከ ሞቱ ድረስ መኖሪያው ነው። ይህ የተቀደሰ መንገድ ነው፤ የሚነቅፈውም የለም። ታናሽ ወንድም ግን ገዳሙን ለቆ ወደ ከተማ የመጣ መነኵሴ እንዳይመስልህ፤ ከመጀመሪያውም የተጠራው በሰው መካከል እንዲኖር ነው። ዛሬ በአንድ ከተማ፥ ነገ በሌላ ከተማ ይላካል፤ ይህ ቤት የእኔ ነው፥ ይህች አገር የእኔ ናት ሊል አይችልም። በሄደበት ሁሉ እንደ እንግዳና እንደ መንገደኛ እንዲኖር ሥርዓቱ ያዝዘዋል። ከእርሱ ጋር የሚሄደው ቤቱ ሳይሆን ወንድሞቹ ናቸው። መነኵሴን ዋሻው እንደሚጠብቀው፥ ታናሽ ወንድምን የሚጠብቀው ማኅበሩ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ሦስቱ ስእለቶች

ወደ ማኅበሩ የሚገባ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ሦስት ነገር ይሳላል፤ ድህነትን፥ ንጽሕናን፥ ታዛዥነትን።

ድህነት ማለት መራብ ብቻ አይደለም፤ በረኀብ የሚኖር ብዙ ሰው ልቡ በገንዘብ ምኞት የተሞላ ነውና። ድህነት ማለት የእኔ የሚለውን ቃል መተው ነው። መጽሐፉ የማኅበሩ ነው፤ መኝታው የማኅበሩ ነው፤ በሥራው ያገኘው ደመወዝ ወደ ማኅበሩ ሣጥን ይገባል። ሰነፎች ናቸው የሚለውም ነቀፌታ በዚህ ይፈርሳል። ፍራንቸስኮስ በኑዛዜው በእጁ ይሠራ እንደ ነበረ ገልጦ፥ ወንድሞቹ ሁሉ ሥራ እንዲሠሩ፥ ሥራ የማያውቅም እንዲማር አጥብቆ አዝዟልና። ልመና የተፈቀደው ለሥራቸው ዋጋ ባልተከፈላቸው ጊዜ ነው።

ንጽሕና ማለት ሚስትና ልጆች ሳይኖሩት ለሰው ሁሉ ልቡን ክፍት ማድረግ ነው። ጋብቻን የናቀ ሰው ይህን ስእለት አልተረዳውም፤ የማይረባውን ነገር ለእግዚአብሔር መስጠት መሥዋዕት አይባልምና። ልቡን ከሚስት ከልክሎ ለምቾቱና ለቍጣው የሰጠው ሰው ደግሞ ብቻውን ቀረ እንጂ ንጹሕ አልሆነም።

ታዛዥነት ማለት ፈቃድን ለእግዚአብሔር ሲሉ በሰው እጅ ማስቀመጥ ነው። በዚህም ማኅበር አለቃው ጌታ ተብሎ አይጠራም። የሁሉ በላይ የሆነው እንኳ የማዕርጉ ስም አገልጋይ ማለት ነው፤ የአንድ ቤት አለቃም ስሙ ጠባቂ ማለት ነው። ሹመቱም በዘመን የተወሰነ ነው። ትናንት ያዝዝ የነበረው ዘመኑ ሲፈጸም ዛሬ ከሌሎቹ ጋር ዕቃ ያጥባል፤ ትናንት ይታዘዘው የነበረውን ታናሹን ዛሬ ይታዘዛል። አንባቢ ሆይ፤ በመሥሪያ ቤት ሹመት ያገኘህ እንደ ሆነ ይህን አስብ። ሹመቱ ሲሻርብህ ከወንድሞችህ ጋር ዝቅ ብለህ መቀመጥ ትችላለህን?

አራተኛ፤ ስለ ዕለት ኑሯቸው

ማልደው ተነሥተው በአንድነት የጸሎት ሰዓትን ያደርሳሉ፤ በዝምታም ያስባሉ፤ ቅዳሴም ይቀድሳሉ ወይም ያስቀድሳሉ። ከዚያም ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ፤ አንዱ ያስተምራል፥ አንዱ በሽተኛ ይጠይቃል፥ አንዱ ያበስላል፥ አንዱ አትክልት ይኰተኵታል። በምሳ ጊዜ በአንድ ማዕድ ይሰበሰባሉ፤ ሲመሽም እንደ ገና በአንድነት ጸልየው ይተኛሉ። የሚያስደንቅ ነገር ባታገኝበት አትገረም። ሰውን የሚለውጠው አንድ ቀን የተደረገው ትልቅ ነገር ሳይሆን በየቀኑ የሚደረገው ትንሽ ነገር ነው።

ከወንድሞቹ አንዳንዶቹ ካህናት ናቸው፤ አንዳንዶቹም ካህናት አይደሉም፤ ወንድምነታቸው ግን አንድ ነው። እንዲያውም ከካፑቺኖች መካከል አስቀድሞ ቅዱስ ተብሎ የታወጀው ካህን አልነበረም። እርሱ ፌሊክስ ዘካንታሊቼ ነው። በ1515 የተወለደ የገጠር ሰው፥ በልጅነቱ እረኛ፥ በኋላም የእርሻ ሠራተኛ ነበረ፤ ማንበብ አያውቅም ነበር። በሮማ ከተማ 40 ዓመት ያህል ከረጢቱን በትከሻው ተሸክሞ ለወንድሞቹና ለድሆች ምግብ እየለመነ ዞረ። የሰጠውንም የነፈገውንም በእግዚአብሔር ይመስገን ስለሚቀበል፥ የከተማው ልጆች ይህንኑ ቃል ስም አድርገው ይጠሩት ነበር። በ1587 ሞተ፤ በ1712ም ቅዱስ ተብሎ ታወጀ።

ሁለተኛው ምሳሌ ኮንራድ ነው። በጀርመን አገር በባቫርያ በ1818 ከገበሬ ቤት ተወለደ። ማኅበሩ ሲቀበለው ዕድሜው 31 ዓመት ያህል ነበረ። አልትየቲንግ በምትባለው፥ ብዙ ሕዝብ የእመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም በሚመጣባት ከተማ በር ጠባቂ አደረጉት። በዚያች በር 41 ዓመት ቆመ። ደወሉ በተደወለ ቍጥር ይነሣል፤ ለተራበው እንጀራ ይሰጣል፤ ልጆችን ጸሎት ያስተምራል፤ የተቈጣውን በዝምታ ያሳልፋል። በ1894 ሞተ፤ በ1934ም ቅዱስ ተብሎ ታወጀ። እስኪ አስበው፤ መጽሐፍ አልጻፈም፥ አገር አላቀናም፥ በዐደባባይም አልሰበከም። በሩን ከፈተ። ዳሩ ግን 41 ዓመት ሙሉ ሳይሰለች በሩን የሚከፍት ሰው በከተማችን ስንት ይገኛል? እኛስ ሁለተኛ የተንኳኳውን በር ለመክፈት እናጕረመርም የለምን?

አምስተኛ፤ ከሁሉ የሚከብደው ምን እንደ ሆነ

ሰው ይህን ኑሮ ሲያስብ ከሁሉ የሚከብደው ጾሙ፥ ወይም ማለዳ መነሣቱ፥ ወይም ያለ ሚስት መኖሩ ይመስለዋል። በእውነት ከባድ ነገር ነው፤ ሆኖም ከእነዚህ ይልቅ የሚከብድ አለ፤ እርሱም ያልመረጡትን ወንድም ዕለት ዕለት መሸከም ነው። አንዱ በጸሎት ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ አንዱ በማዕድ ላይ ይቸኵላል፤ አንዱ የተነገረውን ነገር ዐሥር ጊዜ ይደግማል፤ አንዱ ከሌላ አገር መጥቶ ቋንቋውም ጠባዩም እንግዳ ይሆናል። ከእነዚህ ጋር ዛሬ፥ ነገም፥ እስከ ሞትም ድረስ መኖር ነው። በረሓ የወረደ መናኝ ከአጋንንት ጋር ይታገላል ይባላል፤ ታናሽ ወንድም ግን የሚታገለው በማዕዱ ማዶ ወንድሙ በተቀመጠ ጊዜ በገዛ ልቡ ውስጥ ከሚነሣው ክፉ አሳብ ጋር ነው።

ፍራንቸስኮስ ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። ከአለቆቹ አንዱ፥ በወንድሞቹ ኀጢአትና አስቸጋሪነት ተማርሮ ወደ ብቸኝነት ሊሸሽ በፈለገ ጊዜ ደብዳቤ ጻፈለት። ያ ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። በዚያም የሚያስቸግሩትን ሰዎች እንደ ጸጋ እንዲቀበላቸው፥ የተሻሉ ክርስቲያኖች እንዲሆኑለትም ሳይመኝ እንዲሁ እንዳሉ እንዲወድዳቸው፥ ይህም ከምናኔ ሁሉ እንደሚበልጥበት መከረው። ደግሞም በዓለም ላይ ምንም ያህል የበደለ ወንድም ቢኖር፥ ፊቱን ካየ በኋላ ምሕረት ሳያገኝ ከእርሱ እንዳይሄድ አደራ አለው። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ምክር ቆም ብለህ መርምረው። ብዙ ጊዜ እኛ ሰውን ለመውደድ እስኪሻሻል እንጠብቃለን፤ እርሱም ለመሻሻል እስኪወደድ ይጠብቃል፤ በዚህ ዐይነት ሁለቱም ሳይገናኙ ይሞታሉ።

በሥርዓቱም ስለ ታመመ ወንድም የተጻፈው ትእዛዝ ከዚህ ጋር አንድ ነው። እናት በሥጋ የወለደችውን ልጅዋን የምትመግበውና የምትወደው ከሆነ፥ በመንፈስ የተገኘ ወንድምማ ከዚህ የበለጠ ትጋት ይገባዋል ይላል፤ ቢታመምም እነርሱ ሊደረግላቸው እንደሚሹት እንዲያስታምሙት ያዝዛል። በአንድ ቤት ውስጥ እውነተኛ ወንድምነት መኖሩን ልታውቅ ብትወድድ፥ የመዝሙራቸውን ማማር አትመልከት፤ የታመመው ወንድም እንዴት እንደ ተኛ ገብተህ እይ።

ስድስተኛ፤ ወደ አገራችን ስለ መምጣታቸው

ካፑቺኖች ለኢትዮጵያ አዲስ አይደሉም። አባ አጋታንጌሎስና አባ ካስያኖስ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ካፑቺኖች በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ከግብፅ ተነሥተው ወደ አገራችን ገቡ። ያ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ የካቶሊክ ካህን እንዳይገባ የተከለከለበት ነበረ። በ1638 በጎንደር በሞት ተቀጡ፤ የተሰቀሉትም በገዛ መታጠቂያ ገመዳቸው እንደ ሆነ ይተረካል። ይህን የምንናገረው የቈየ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ ያ ገመድ የራስ ፈቃድ የታሰረበት ምልክት መሆኑን ለማሳየት ነው።

ከ200 ዓመት በኋላ በ1846 ካፑቺኑ ጉልየልሞ ማሳያ፥ በአገራችን አቡነ ማስያስ የተባሉት፥ ለኦሮሞ ሕዝብ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። በ1809 በኢጣልያ የተወለዱ ነበሩ። 35 ዓመት በደከሙበት አገልግሎት ብዙ ጊዜ ተሰደዱ፤ በመጨረሻም በ1879 በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከሸዋ ወጡ። ሕዝቡ በፈንጣጣ በሚያልቅበት ጊዜ እየዞሩ ይከትቡ ነበር፤ የአማርኛንና የኦሮምኛን ሰዋስው የሚገልጥ መጽሐፋቸውም በ1867 በፓሪስ ታተመ። በ1884 ካርዲናል ሆኑ፤ በ1889ም ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ በሐረር የተቀመጡት ካፑቺኑ ጳጳስ እንድሬ ዣሮሶ፥ አቡነ እንድርያስ የተባሉት፥ ልዑል ራስ መኰንን ልጃቸውን ተፈሪን፥ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉትን፥ ያስተማሩላቸው ናቸው። በዚያችው በሐረር ካፑቺኖች ለምጻሞችን የሚያስታምሙበት ቤት አቋቋሙ። ፍራንቸስኮስ በአሲዚ የጀመረው ሥራ ከብዙ ዘመን በኋላ በሐረር ግንብ አጠገብ ተገኘ ማለት ነው። ዛሬም በኢትዮጵያ የካፑቺን ወንድሞች አሉ፤ ብዙዎቹም የዚሁ አገር ልጆች ናቸው።

ሰባተኛ፤ ጥሪ በምን እንደሚታወቅ

እንግዲህ አንተ ተማሪ፥ ምናልባት ይህን ስታነብ ልብህ ተነሥቶ ይሆናል። የልብ መነሣት መልካም ነው፤ ብቻውን ግን ጥሪ አይባልም። አስቀድመህ ራስህን መርምር። ከምትሸሸው ነገር የተነሣ ነውን የምትሄደው? ዕዳ አስጨንቆህ፥ ፈተና ወድቀህ፥ የወደድሃት ልጅ ለሌላ ተድራ፥ ወይም በቤትህ ጠብ በዝቶ ከሆነ፥ ቈይ። ኀዘንህ ይብረድ። ከሸሸህበት የሚከተልህ ሰው አለና፤ እርሱም አንተ ራስህ ነህ። ደግሞም ትምህርትና ልብስ፥ እንጀራና የውጭ አገር መንገድ ፈልገህ ከሆነ፥ እነዚህን በቀጥታ ፈልጋቸው፤ ኀፍረት የለበትም። እግዚአብሔርን ምክንያት አድርጎ እንጀራ መፈለግ ግን ነውር ነው፤ በመጨረሻም እንጀራውንም እግዚአብሔርንም ያሳጣል።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር አትቸኵልም። በሕጓ 17 ዓመት ያልሞላው ወደ መፈተኛው ዘመን አይገባም፤ ጋብቻው ያልፈረሰ ባል አይገባም፤ በግድ ወይም በማስፈራራት የተገፋ ሰው ቢገባ መግባቱ ከንቱ ነው። ኖቪሲያት የሚባለው የመፈተኛ ጊዜ 12 ወር መሙላት አለበት። ከዚያም በኋላ የሚደረገው ስእለት ለጊዜው ነው፤ ከሦስት ዓመት አያንስም። የዕድሜ ልክ ስእለት የሚፈጸመው ከዚያ በኋላ ነው፤ እርሱም 21 ዓመት ላልሞላው አይፈቀድም። ይህ ሁሉ መዘግየት ስለ ምንድር ነው ቢሉ፥ ማኅበሩ ወጣቱን እንዲያውቅ ብቻ አይደለም፤ ወጣቱም ማኅበሩን እንዲያውቅ ነው።

የጥሪም ምልክት ምን እንደ ሆነ ብትጠይቅ፥ ሕልምና ራእይ አትፈልግ። ሦስት ነገር ተመልከት። የመጀመሪያው፥ አሳቡ በደስታህም በኀዘንህም ቀን ሳይለወጥ መቈየቱ ነው። ሁለተኛው፥ ለዚህ ኑሮ የሚበቃ ጤናና ጠባይ መኖሩ ነው፤ ይህንም አንተ ብቻ ሳትሆን የሚያውቁህ ሽማግሌዎችና የነፍስ አባትህ ይመስክሩልህ። ሦስተኛውም ዛሬ በምትኖርበት ቤት ወንድም መሆን መቻልህ ነው። ታናሽ እኅቱን የሚሰድብ፥ ለእናቱ ውኃ ቅዳ ሲባል የሚያጕረመርም፥ ከጓደኛው ጋር ዓመት ሙሉ ተኳርፎ የሚኖር ወጣት፥ ልብሱን ስለ ለወጠ ብቻ ታናሽ ወንድም አይሆንም። ገመድ ወገብን ያስራል እንጂ ምላስን አያስርም።

ደግሞ ከአንተ በቀር ረዳት የሌላት እናት፥ ወይም በአንተ ደመወዝ የሚማሩ ታናናሾች ያሉህ እንደ ሆነ ይህን ሳትሸሽግ ለሚመረምሩህ አባቶች ንገራቸው። እግዚአብሔር በአንድ እጁ እየጠራ በሌላው እጁ የደሀ እናትን እንጀራ አይነጥቅም። መጠበቅ፥ ወይም በትዳርና በሥራ ሁኖ ማገልገል፥ እርሱም ጥሪ ይሆንልሃል።

ስምንተኛ፤ ለወላጆችና ለጎረቤት የተነገረ

እናንተ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁን አትከልክሉት፥ አትግፉትም። አንዳንድ አባት፥ «ዘሬን ሊያጠፋ ነው» ብሎ ይረግማል፤ አንዳንዷም እናት ስለ ተሳለችው ስእለት ብላ ያልፈለገውን ልጅ ወደ ደጁ ትጎትታለች። ሁለቱም የእግዚአብሔርን ስፍራ ይይዛሉ። የእናንተ ሥራ እውነቱን እንዲናገር ልጁን ነጻ ማድረግ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ስለ ተመለሰው ልጅ ልለምናችሁ እወዳለሁ። አንድ ወጣት በመፈተኛው ዓመት ስድስት ወር ቈይቶ፥ ይህ ኑሮ የእኔ አይደለም ብሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንደሩ ምን ይላል? «አልቻለም» ይላል፤ «አባረሩት» ይላል፤ በሠርግና በለቅሶ ቤት ይጠቋቈምበታል። አባቱ ዐይኑን ከእርሱ ይመልሳል፤ እናቱም በጎረቤት ፊት ታፍራለች። ከዚህ ነቀፌታ ፍርሃት የተነሣ ሰው ያልተጠራበትን ስእለት ሊሳል፥ ዕድሜውንም ሁሉ በማኅበር መካከል እንደ እስረኛ ሊኖር ይችላል። ይህን ሸክም የሚያሸክሙት የማኅበሩ አባቶች አይደሉም፤ የእኛ ምላስ ነው።

የመፈተኛ ዓመት የተሠራው ለመፈተን ነው። መርምሮ የቀረ እንደ ታዘዘ፥ መርምሮ የተመለሰም እንዲሁ እንደ ታዘዘ ይቈጠራል። ሁለቱም እግዚአብሔርን ጠይቀው መልስ ተቀብለዋልና። ስለዚህ የተመለሰውን ልጅ በሩን ከፍታችሁ ተቀበሉት፤ እግሩን እጠቡት፤ ሥራ እንዲያገኝ፥ ሲወድድም እንዲያገባ እርዱት። ኮንራድ ለማያውቀው መንገደኛ 41 ዓመት በሩን ከከፈተ፥ እኛ ለወለድነው ልጅ አንድ ጊዜ መክፈት እንዴት ያቅተናል?

ዘጠነኛ፤ ይህ ትምህርት በቤታችን ምን እንደሚሠራ

ከአንባቢዎች ብዙዎቹ ወደ ማኅበር አትገቡም፤ አልተጠራችሁበትምና። ዳሩ ግን ያልመረጣችሁት ወንድም የሌላችሁ ማን ነው? የባልሽን እናት አልመረጥሻትም። በመሥሪያ ቤት ከአጠገብህ የተቀመጠውን ሰው አልመረጥኸውም። በአንድ ግቢ አብራችሁ የምትኖሩትን ጎረቤት፥ በአንድ ወንበር አብሮህ የሚማረውን ልጅ፥ ታማ የተኛችውን አክስት አልመረጣችኋቸውም። ተሰጡን። ስለዚህ ከታናናሽ ወንድሞች ሥርዓት ማንም ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ሳይተው ሊይዘው የሚችለው ነገር አለ። ማታ ከመተኛትህ በፊት በእነዚህ ጥያቄዎች ራስህን መርምር።

ዛሬ የእኔ ባልሁት ነገር ምክንያት ከማን ጋር ተጣላሁ?

በቤቴ የታመመ ወይም ያረጀ ሰው ካለ፥ እኔ ሊደረግልኝ የምወድደውን አድርጌለታለሁን?

በደጄ ያንኳኳውን ሰው በምን ፊት ተቀበልሁት?

እስኪሻሻል ድረስ ልወድደው እንቢ ያልሁት ሰው ማን ነው?

ከሥራዬ ታናሽ ነው ብዬ የናቅሁት፥ ለሌላ የተውሁት ሥራ የትኛው ነው?

ሰውን በደልሁ፥ ወይም ሰው በደለኝ፤ ፊቴን ያየ ሁሉ ምሕረትን አይቶ ሄዷልን?

እነዚህን ጥያቄዎች ለአንድ ወር የጠየቀ ሰው፥ ስለ ወንድሞች ኑሮ ይህ ጽሑፍ ከሚነግረው ይበልጥ ያውቃል። ጥሪም ያለው ወጣት ጥሪውን በዚያ ይለየዋል፤ የሌለውም የተሻለ ባል፥ የተሻለ ልጅ፥ የተሻለ ጎረቤት ይሆናል። እግዚአብሔር አምላክ የሰጠንን ወንድሞች እንድንቀበል ልብ ይስጠን፤ የምናስቸግራቸውም እኛን እንዲቀበሉን ትዕግሥትን ያድላቸው። አሜን።